መጽሐፍ «ያድግበታል» ተብሎ አይገዛም



በሚቀጥለው እሑድ በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ከምንነጋገርባቸው ጉዳዮች አንዱ ለልጆች የንባብ ክፍል የሚገዙት መጻሕፍት ጉዳይ መሆኑ በማስታወቂያ ተገልጿል። በዚህ ነገር ሰፈሩ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ሲከራከር ሰንብቷል። አንዳንዶቻችን «ገንዘቡ ከወጣ አይቀር የፈተና መለማመጃ ይገዛበት፤ ተረት ምን ያደርጋል?» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ «የትልልቅ ደራሲዎች ወፋፍራም መጽሐፍ ይገዛ፤ ልጆቹ ሲያድጉ ያነቡታል» እንላለን። ስለሆነም ስብሰባው ከመድረሱ በፊት የጽሕፈት ቤታችንን ሐሳብ እዚህ ላይ ማስፈር አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ሐሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፤ መጽሐፍ የሚገዛው ዛሬ ላለው ልጅ ነው። ጫማ ስንገዛ ቁጥሩን ከፍ አድርገን «ግድ የለም፣ ያድግበታል» እንላለን። ለጫማ ያስኬዳል፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ይጠቀጠቅበታል። መጽሐፍ ግን እንዲህ አይሆንም። የ10 ዓመት ልጅ የማይገባው መጽሐፍ ሲሰጠው ሦስት ገጽ አንብቦ ይዘጋዋል። ያንን ብቻ ቢዘጋ ምንም አልነበር፤ «ማንበብ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ሌላውንም አብሮ ይዘጋዋል። ከዚያ ወዲያ ስልኩን ትተህ አንብብ ብንለው መች ይሰማናል?

ይህ በትልልቆችም ላይ የታየ ነገር ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እስከ 15 ቋንቋዎች ደርሶ ብዙ ሕዝብ ፊደል አስቆጥሯል። በደረጃው የሚያነበው ነገር ያገኘ ሰው ንባቡ ጸናለት፤ ያላገኘው ግን ውሎ አድሮ ፊደሉን ረሳው። ልጅም ያው ነው።

እንግዲህ ለየዕድሜው ምን ዓይነት መጽሐፍ ይስማማል?

ሀ) ከ3 እስከ 6 ዓመት። ሥዕሉ የበዛ፣ ጽሑፉ ያነሰ መጽሐፍ ይሁን። በዚህ ዕድሜ አንባቢው ወላጅ ነው። ማንበብ የማትችሉ እናቶችና አባቶችም አትፈሩ፤ ሥዕሉን እያሳያችሁ ተረቱን ከራሳችሁ ማውራት ይበቃል። 231ዱን ፊደል በቃሉ የሚወርድ ልጅ ገና አንባቢ አይደለም፤ መጽሐፍ ውስጥ ደስ የሚል ነገር እንዳለ ያወቀ ልጅ ግን ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ለ) ከ7 እስከ 9 ዓመት። ፊደሉ ጎላ ያለ፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ይሁን። የጅብና የጦጣ፣ የማሞ ቂሎ ተረት ለዚህ ዕድሜ ተስማሚ ነው። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አሜሪካ አገር በቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ለሐበሻ ልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ቢያጡ፣ የማሞ ቂሎን ተረት ራሳቸው በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ቤቱ ውስጥ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚነገርለት ልጅ ካለም በዚያው ቋንቋ ይገዛለት።

ሐ) ከ10 እስከ 12 ዓመት። አሁን ልጁ ብቻውን ያነባል። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»፣ የአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶች፣ ስለ እንስሳት፣ ስለ ሰውነታችንና ስለ ከዋክብት የሚያስረዱ መጻሕፍት ይሆኑታል። ደጋግሞ አንዱን ብቻ ቢያነብ አትከልክሉት፤ እየጠነከረበት ነው።

መ) ከ13 ዓመት በላይ። እዚህ ላይ ምርጫው የጋራ ይሁን። በ1941 ዓ.ም. የወጣው የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ»፣ የዘነበ ወላ «ልጅነት» ጥሩ መነሻ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ለ16 እና ለ17 ዓመት ወጣት ቢቆይ ይሻላል። ውፍረቱ ካስፈራው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን አስቀድሞ ያዳምጥ፤ ከዚያ ራሱ መጽሐፉን ፈልጎ ይመጣል። ልጅቷ ከዕድሜዋ ከፍ ያለ የፍቅር መጽሐፍ ይዛ ብትገኝ ነጥቆ መደበቅ ያባብሳል እንጂ አያስተዋትም። እናንተም አንብቡትና ተወያዩበት።

ዕድሜ እንግዲህ መነሻ ነው እንጂ ቁርጥ ያለ ሕግ አይደለም። የ12 ዓመት ልጅ ሆኖ እንደ 8 ዓመት ልጅ የሚያነብ አለ፤ ሊታፈርበት አይገባም። መለኪያው ቀላል ነው። ልጁ አንድ ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ የማያውቀው ቃል በገጠመው ቁጥር አንድ ጣት ይጠፍ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣት ከታጠፈ መጽሐፉ ለጊዜው ከብዶታልና ቀለል ያለ ይሰጠው።

የፈተና መለማመጃ ይገዛ የሚሉትን አንነቅፍም፤ የልጃቸው ውጤት ቢያሳስባቸው ነው። ነገር ግን የሒሳቡን ጥያቄ አንብቦ መረዳት ያቃተው ልጅ መለማመጃው ቢደረደርለት ምን ይፈይድለታል? ንባብ የሚፈጥነው ብዙ በማንበብ ነው፤ ልጅ ደግሞ ብዙ የሚያነበው የወደደውን ነው።

ስለዚህ ለስብሰባው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ከሚገዛው መጽሐፍ ግማሹ ከ10 ዓመት በታች ላሉት ይሁን፤ እስከ ዛሬ የተረሱት እነሱ ናቸውና። ከቀረው ላይ ጥቂት መለማመጃ ይጨመርበት። ገዥው ኮሚቴ ወደ መጽሐፍ መደብርም ሆነ ወደ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ሲሄድ ከየዕድሜው አንድ አንድ ልጅ ይዞ ይሂድ፤ ገጹን ገልጠው እዚያው ያንብቡለት። ወንበርና መደርደሪያ በኋላ ይደርሳል።

ነዋሪዎች በሙሉ እሑድ ተገኝታችሁ የመሰላችሁን እንድትናገሩ፣ ልጆቻችሁ ያደጉባችሁም ቤት የተቀመጠ የልጆች መጽሐፍ ካለ ይዛችሁ እንድትመጡ እናሳስባለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት