ጀልባችሁ የት ይከርማል?

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ በሚኒሶታ የምትኖሩ አንዳንዶቻችሁ ለቤተሰብ መዝናኛ ትንሽ ጀልባ ገዝታችኋል። ደስ ይላል! በረዶው ከመግባቱ በፊት ግን የት እንደሚከርም አብራችሁ ምከሩ። በሐዋርያት ሥራ 27 የመቶ አለቃው ከጳውሎስ ይልቅ የመርከቡን ባለቤት ሰማ፤ 276ቱ ሰዎች በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፉ፣ መርከቡ ግን ተሰባበረ።

ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ሞተር ውስጥ ከቀረ ብረቱን ይሰነጥቃል። ከኋላ የሚንጠለጠለውን ሞተር ቀጥ አድርጎ ማቆም ውሃውን ያወርደዋል፤ ውስጥ የተገጠመው ግን ውሃው ወጥቶ አንቱፍሪዝ ይገባበታል። የማርሹ ዘይት እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታልና አስቀይሩት። ባትሪውን ቻርጅ አድርጋችሁ አውጡት።

እህቶች፣ ይህን “የወንድ ሥራ ነው” ብለን አንተወው። በተለይ ከቤቱ ጋር በተያያዘ ጋራዥ ሊቀመጥ ከታሰበ ጠይቁ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ሄዶ የጋዝ ውሃ ማሞቂያው እሳት ጋ ሊደርስ ይችላል፤ ከላይ ደግሞ ልጆች ተኝተዋል! ባልሽ “ምንም አይሆንም” ቢልሽ በትሕትና፣ ግን ደግመሽ ንገሪው። የመጋዘን ኪራይ ከከበዳችሁ አየር መግቢያ ባለው ሸራ ሸፍናችሁ ከቤቱ ራቅ አድርጋችሁ ግቢ ውስጥ አቁሙት።