ክራክ በፍላሽ፣ ዲግሪ በወረቀት

ለሒሳብ፣ ለስታቲስቲክስና ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ አለን። ላፕቶፓችሁ ላይ ያለውን ማትላብ ከየት አመጣችሁት? አትደንግጡ፣ ፖሊስ አይደለንም። መልሱንም እናውቀዋለን፤ ከጓደኛ ፍላሽ ነው። ጓደኛችሁ ከሲኒየር፣ ሲኒየሩ ደግሞ ከኮምፒውተር ቤት። እዚህ ሐረር፣ ሐኪም ጋራ ሥር ሻይ ይዘን ከተማሪዎች ጋር ስናወራ የምንሰማው ይኸው ነው። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቻችንም የሚነግሩን ሌላ አይደለም።

ጣታችንን የምንቀስረው ግን ተማሪው ላይ አይደለም። ኮርስ አውትላይን ላይ «ማትላብ» ወይም «ኤስፒኤስኤስ» ብሎ የሚጽፍ፣ ፈቃዱን ግን ለተማሪው የማያቀርብ ትምህርት ክፍል ላይ ነው። ስም አንጠራም፤ ያለበት ራሱን ያውቃል። ባልተገዛ ሶፍትዌር አሳይመንት ሠርተህ አምጣ ማለት በቀጥተኛ አማርኛ ሰርቀህ አምጣ ማለት ነው። በማግስቱ ያው ክፍል ስለ ኩረጃ ነውርነት ሲሰብክ ትሰሙታላችሁ። ጉድ እኮ ነው!

ሕጉ ግልጽ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለኮምፒውተር ፕሮግራምም ከለላ ይሰጣል። «ታዲያ ተማሪው ይግዛ» የሚል ካለ ዋጋው በዶላር መሆኑን እናስታውሰው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ራሱ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የዶርም ተማሪ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍልበትን ካርድስ ከየት ያመጣል?

ክራኩም ቢሆን በነፃ አይመጣም። የመጀመሪያ ትእዛዙ ብዙውን ጊዜ «አንቲ ቫይረሱን አጥፋው» የሚል ነው። አስቡት፤ የቤቱን ዘበኛ አሰናብቶ የማያውቁትን እንግዳ እንደ ማስገባት ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን የያዘውን ፍላሽ ሲከፍት ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ የጠበቀው ተማሪ የምንለው ይገባዋል።

የሚያበሽቀው ደግሞ መፍትሔው ዱሮም መኖሩ ነው። ጆን ኢተን እ.ኤ.አ. በ1992 መጻፍ የጀመረው ጂኤንዩ ኦክታቭ መነሻው ለኬሚካል ምህንድስና ተማሪዎች የታሰበ መሣሪያ ነበር። አጻጻፉ ከማትላብ ጋር በጣም ስለሚቀራረብ በኒውመሪካል አናሊሲስ ኮርስ የሚሰጡት የኒውተን ዘዴ፣ የጋውስ ኤሊሚኔሽንና የሩንጌ ኩታ መልመጃዎች አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይነኩ ይሠራሉ። ለስታቲስቲክስ፣ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት አር አለ። ለአልጀብራና ለካልኩለስ ዊልያም ስታይን እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ሴጅማዝ አለ። ሦስቱም በጂፒኤል ፈቃድ የወጡ ናቸው። ትርጉሙ፦ ቅዳ፣ ለጓደኛህ ስጥ፣ እንዴት እንደተሠራ ከፍተህ እይ፣ ካሻህም አሻሽለው ነው። ያው ፍላሽ፣ ያው ጓደኛ፤ ስርቆቱ ብቻ ይቀራል።

«ሲሙሊንክስ?» ትሉናላችሁ። እውነት ነው፣ ኦክታቭ ውስጥ የለም። የግድ የሚያስፈልገው የምህንድስና ክፍል ካለ ለላብራቶሪው ፈቃድ ይግዛ። ማትሪክስ ለማባዛት ግን ሲሙሊንክ አያስፈልግም። «ቀጣሪ የሚጠይቀው ኤስፒኤስኤስ ነው» ባዮችም አሉ። ሪግሬሽን የገባው ተመራቂ አዲስ ሜኑ ለመልመድ ብዙ አይቸገርም። ሜኑ ብቻ የተማረው ግን ሪግሬሽን ገብቶታል ማለት አይደለም።

«ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ» የሚለውም ቀልድ ይቁም። የኤምአይቲው ጊልበርት ስትራንግ የሊኒየር አልጀብራ ትምህርት በነፃ ተለቋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠናም ነፃ ነው። ዳታው ግን ነፃ አይደለም። ቢከፍሉበትም እንኳ ዋስትና የለውም። በ2012 ዓ.ም.፣ በኮሮና ምክንያት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኢንተርኔት ተማሩ በተባሉበት በዚያው ዓመት፣ በሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሳምንታት ቆይቷል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ደግሞ ዳታ ላለውም ለሌለውም እኩል ይመጣል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ትንሽ ነው። በየግቢው አንድ ኮምፒውተር ይመደብ። ኦክታቭ፣ አር፣ ፓይተንና ተጨማሪ ፓኬጆቻቸው፣ የስትራንግ ቪዲዮዎች፣ በኪዊክስ አማካይነትም ዊኪፒዲያ ይጫንበት። ተማሪው በግቢው ዋይፋይ፣ ውጭ ያለው ኢንተርኔት ቢቋረጥም፣ ያውርድ። የአር መጫኛ ከ100 ሜጋባይት በታች ነው፤ ሙሉው ማትላብ ከ10 ጊጋባይት በላይ። ይህን ለመሥራት የውጭ አማካሪም ጨረታም አያስፈልግም፤ ሁለት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችና አንድ ፈቃደኛ ቴክኒሻን ይበቃሉ።

ማባዛት ለዚህች ከተማ ነውር ሆኖ አያውቅም። ከሐኪም ጋራ ቁልቁል በሚታየው ጀጎል ውስጥ ቁርኣንና ኪታብ በእጅ ሲገለበጥና በቆዳ ሲጠረዝ ዘመናት አልፈዋል። ሸሪፍ ሙዚየም የገባ ሰው ጥራዞቹን ዛሬም ያያል። ዕውቀት ከእጅ ወደ እጅ የተሻገረው በግልባጭ ነው፤ ገልባጩም በሥራው ይኮራ እንጂ አይሸማቀቅም ነበር። የዛሬው ተማሪም ይገልብጥ፤ ግን ሳይደበቅ፣ የተፈቀደለትን ይገልብጥ።

የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ሆይ፣ የሚቀጥለው ሴሚስተር አውትላይን በቅርቡ ጠረጴዛችሁ ላይ ይመጣል። «ማትላብ» የሚለውን ሰርዞ «ኦክታቭ» ለመጻፍ የሚጠይቀው በጀት የአንድ እስክሪብቶ ዋጋ ነው። እስክሪብቶው ከጠፋም ንገሩን፤ እኛ እንገዛለን።