«መብራትና ውሃ ጨምሮ»

ጎጆ ልትወጡ የተዘጋጃችሁ እጮኛሞችና በኪራይ ቤት የምትኖሩ ባለትዳሮች፣ በዚህ ወር አንድ ጉዳይ አብረን እንይ። ፈረስ ቤትም ሆነ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ አዲስ አበባ፣ አንድ ክፍል ቤት ስትጠይቁ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ «መብራትና ውሃ ጨምሮ ይህን ያህል ነው» የሚል ነው። ደስ ይላል፤ ወጪው በአንድ ቁጥር ያለቀ ይመስላልና። ግን «ጨምሮ» ስንት አምፖል ነው? ስንት ጀሪካን ነው?

የግቢው ቆጣሪ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ባለቤቶቹም፣ እናንተም፣ ጓሮ ያለው ተማሪም የምትጠቀሙት በእሱ ነው። መብራት ደግሞ እንደ ስኳር በአንድ ዋጋ አይሸጥም። በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ በየዓመቱ ከፍ ባለው ታሪፍ መጨረሻ ላይ፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት የአንዱ ዋጋ 27 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ ከ500 በላይ ለሚጠቀም ግን 2 ብር ከ48 ሳንቲም። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም ወደ ውዱ እርከን ይገፋል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲሻሻል ተወስኗል። ኪራዩ ለዓመት ቢቆረጥም የመብራቱ ዋጋ አራት ጊዜ ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው። «አከራያችን ንፉግ ናቸው» ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡት።

ጠቡ በአብዛኛው የሚነሳው በአምፖል ነው፤ የሚበላው ግን ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ለአንድ ሰዓት ጋገራ የሚሄደው ኃይል ባለ 10 ዋት አምፖልን በየማታው አምስት አምስት ሰዓት ከሁለት ወር በላይ ያበራል። ስለዚህ ለሌሊት ጸሎት መብራት አበራችሁ ብለው የሚያጉረመርሙ አከራዮች፣ ሒሳቡን ደግማችሁ ሥሩት። እናንተም ተከራዮች፣ እትዬ ገበያ እስኪወጡ ጠብቆ ምጣድ መጣድ ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። «እትዬ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንጋግር?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። እንደ ደጋ ዳሞት ባለ ብርዳማ አገር ስለ ማሞቂያም ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ውሃውም እንዲሁ ነው። ቧንቧው ሲጠፋ በጀሪካን የሚገዛውን ማን ይከፍላል? ለልብስ አጠባስ?

በእኛ ዘንድ ያለው ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው። አከራዩ የአጥቢያችን ሰው ከሆኑ «በጌታ ወንድም ነን፣ ምን ውል ያስፈልጋል» እንላለን። ከጥቂት ወራት በኋላ አንደኛው ወገን የሚቀመጥበትን ወንበር ይቀይራል፤ ሰላምታውም ይቀዘቅዛል። ያልተጻፈው ወረቀት ኅብረታችንን በላ።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው፤ የእናንተ ከተማ መግባቱን ከአስተዳደሩ ጠይቁ። ባይገባም ወረቀትና እስክሪብቶ አይከለከልም። የጋገራውን ቀን፣ ታሪፍ ሲጨምር ልዩነቱን ማን እንደሚሸፍን፣ ቧንቧ ሲጠፋ የሚደረገውን ጻፉ። ከተቻለ ለክፍላችሁ ብቻ የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ አስገጥሙ፤ የመግዣውን ወጪ ለሁለት ተካፈሉት። ውሉ ላይ የባልም የሚስትም ስም ይግባ፤ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ አንዱን ቅጂ ከጋብቻ ወረቀታችሁ ጋር አኑሩት።