ጉልበትን የሚያስታምም ምናባዊ ዓለም

ሰው ሠራሽ የጉልበት መገጣጠሚያ የተተከለለት ሕመምተኛ ከቀዶ ጥገና ክፍል ሲወጣ ሕክምናው ተፈጸመ ማለት አይደለም። ብረቱና ፕላስቲኩ በቦታቸው ቢቀመጡም የፊት ጭኑ ጡንቻ እጅግ ይደክማል፤ ጉልበቱ በወቅቱ ካልተንቀሳቀሰም በውስጡ የሚፈጠረው ጠባሳ መገጣጠሚያውን አስሮ ያስቀረዋል። ከወንበር ለመነሳት ጉልበት 90 ዲግሪ ያህል መታጠፍ አለበት። በርጩማ ላይ ለሚቀመጥ ወገናችን ደግሞ ይህም አይበቃውም! እዚህ ደረጃ የሚደረሰው ለሳምንታት በሚደጋገም፣ በሚያምና በሚያሰለች እንቅስቃሴ ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆነው ከቀረቡት አንዱ ቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ ማለትም በኮምፒውተር የተፈጠረ ምናባዊ ዓለም ነው። ሐሳቡ መሠረት አለው። ሕመም ትኩረትን ይሻል፤ አእምሮ በሌላ ነገር ሲጠመድ የሚሰማው ሥቃይ ይቀንሳል። የአሜሪካው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በእሳት የተቃጠሉ ሕሙማን ቁስላቸው ሲታከም በምናባዊ የበረዶ ዓለም ውስጥ እንዲጫወቱ በማድረግ ይህንኑ አሳይተዋል።

በእኛ አመለካከት ግን ለጉልበት የሚበጀው ከማስረሳቱ ይልቅ መለካቱ ነው። በዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራውና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት 300 ያህል ሰዎችን ያካተተ ነበር። መነጽር አልተጠቀመም፤ ካሜራ በቤቱ ያለውን ሕመምተኛ እንቅስቃሴ ይከታተላል፣ በስክሪን የሚታይ ምስል ያርመዋል፣ ፊዚዮቴራፒስቱም ውጤቱን ከሩቅ ይመለከታል። ከ12 ሳምንት በኋላ ውጤቱ ከተለመደው ሕክምና አላነሰም፤ ወጪው ግን በአንድ ሰው 2,700 ዶላር ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል።

አላነሰም ማለት በለጠ ማለት አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ወጪው የቀነሰውም የፊዚዮቴራፒ ዋጋ እጅግ ውድ በሆነበት አገር ነው። በዚያ ላይ ሥራ ላይ የዋለው ካሜራ ለጨዋታ የተሠራው ኪኔክት ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2017 ማምረቱን አቁሟል። ሆስፒታል የአሻንጉሊት ገበያን ተማምኖ ሲያቅድ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥመዋል።

ዓይንን ሙሉ በሙሉ የሚጋርደው መነጽርም ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ገና በክራንች የሚሄድ ሰው ወለሉን ካላየ ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተቀምጦ ብቻ ቢጠቀምበት ይሻላል እንላለን። ቁስሉ ሲያብጥ ወይም ሲያመረቅዝ የሚለየውም የሰለጠነ ባለሙያ ነው። የአንድ ሆስፒታል በጀት ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚችል ከሆነ፣ በቅድሚያ ፊዚዮቴራፒስት ይቅጠር።