የእድራችን ዕቃ ቤት

«ለመሆኑ አበላቸው ስንት ነው?»

ይህን ያለው አብሮኝ የታይላንዱን ዋሻ ፊልም ሲያይ የነበረ ዘመዴ ነው። ከአበል ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ የምታውቁ አንባቢዎቼ፣ እንዴት እንዳደርኩ መገመት አያቅታችሁም።

የአበል ነገር የለም ወንድሜ! እ.ኤ.አ. በ2018 ዋሻው ተዘግቶባቸው የነበሩትን አሥራ ሁለት ታዳጊዎችና አሠልጣኛቸውን ጨለማው ውስጥ ያገኟቸው ጠላቂዎች፣ ሪክ ስታንተንና ጆን ቮላንተን፣ አንዱ ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ሌላው የኮምፒውተር ባለሙያ ናቸው። በአገራቸውም የደቡብና መካከለኛው ዌልስ ዋሻ ነፍስ አድን ቡድን በጎ ፈቃደኞች ነበሩ።

ጠላቂዎቹን ዓለም አጨብጭቦላቸዋል። እኔ የምወደው ቃሬዛ ተሸካሚውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 እዚያው ዌልስ አንድ ሰው ዋሻ ውስጥ ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ። ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ከ50 ሰዓት በላይ ደክመው አወጡት። እንዲህ ባለው ሥራ ተራ ሬዲዮ አለት አያልፍምና የስልክ ሽቦ እየዘረጋ የሚገባ አለ። ከስብራቱ ይልቅ ብርዱ ሊገድል ስለሚችል፣ ቁስለኛውን ከማሞቅ ሌላ ሥራ የሌለውም አለ። ደጅ ቁጭ ብሎ ማን ገባ፣ ማን ወጣ እያለ የሚመዘግበውንማ ማን ያስታውሰዋል? ይህን ሁሉ የተለማመዱት ማንም ባልወደቀበት ቅዳሜ ነው፦ ገመድ ማጠብ፣ ቋጠሮ መቋጠር፣ ደህናውን ሰው ቃሬዛ ላይ አስሮ መጎተት። ክላፋም በምትባል የዮርክሻየር መንደር ያለው ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ በዚሁ ላይ ነው።

«የእኛ ሰው ያለ አበል አይነቃነቅም» ባዮች ደላንታ ሄደው ይጠይቁ። በ2016 ዓ.ም. የኦፓል ዋሻው በቆፋሪዎቹ ላይ ሲናድ፣ ቦታው ማሽን የማይደርስበት ነበርና ዶማና አካፋ ይዞ የተረባረበው ያገሬው ሰው ነው። እኛ የጎደለን ቅዳሜው ነው።

የእድራችንን ዕቃ ቤት እዩት። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሁሉም ተቆጥሮ ተቀምጧል። ሰው ከሞተ በኋላ ላለው ነገር ዝግጅታችን እንከን አይወጣለትም። የጎረቤት ልጅ ክፍት የተተወ ጉድጓድ ውስጥ ቢገባብን ግን የምንወረውርለት ገመድ የለንም። ስለዚህ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «ገመድና ቃሬዛ እንግዛ፣ ወጣቶቹም በወር አንድ ቀን ይለማመዱ» አልኩ። ጸሐፊው ደንባችን ውስጥ በሕይወት ስላለ ሰው የሚናገር አንቀጽ የለም አሉ። ገንዘብ ያዧ ማን ይረከበዋል ብለው ጠየቁ። ነገሩ ሊቀር ሲል አንድ አዛውንት ብድግ ብለው «ኧረ ተዉ፣ ገመዱ እኮ ሬሳ ለማውረድም ይሆናል» አሉ።

ተሰብሳቢው ሁሉ እጁን አወጣ። ቃሬዛው ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል።