የካርቦን ቴላዮ ጣሪያ ላይ አይጫን
ብስክሌተኛው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሲጋልብ ያየ የዋግ ወጣት ቀላል የካርቦን የውድድር ብስክሌት ቢመኝ አይፈረድበትም። ግን የብረት ቴላዮ (የብስክሌቱ ዋና አካል) ሲመታ ይጎደጉዳል፤ የካርቦኑ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ብስክሌቱ ወደ ሰቆጣም ሆነ ወደ አበርገሌ ሲመጣ ከጆንያና ከጀሪካን ጋር አውቶቡስ ጣሪያ ላይ በገመድ ሊጠፈር አይገባም፤ ሹፌሩን ለምኖም ቢሆን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ውስጥ ማስገባት ነው። መካኒኮቻችንም፣ እባካችሁ፣ ብሎኑን በክንድ ግምት አታጥብቁ። የመሪውና የኮርቻው ዘንግ ብሎን የማጥበቂያ ልክ አብዛኛውን ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ ዕቃው ላይ ተጽፏል፤ የማጥበቂያውን ልክ የሚለካ መፍቻ ደግሞ ተዋጥቶም ይገዛል። ከተወደቀ በኋላ ቴላዮውን በሳንቲም ቀስ እያሉ መምታት ይጠቅማል፤ አንዱ ቦታ የደነዘዘ ድምፅ ከሰጠ ያ ብስክሌት ባለሙያ ሳያየው ወደ ተከዜ ቁልቁለት አይወርድም።