ስለ ጉልበት ልም አጥንትና ስለ ቅዝቃዜ

ውሃ ቀድቶ የሚመለስ፣ እህል ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ፣ በጸሎት ጊዜ የሚሰግድ ሁሉ በጉልበቱ ይታመናል። ጉልበት የተጎዳ እንደ ሆነ የቤቱ ኑሮ አብሮ ይናጋል። ስለዚህ ዛሬ ከሌላ ሰው ተወስዶ ስለሚተከለው የጉልበት ልም አጥንት እንነጋገራለን።

በጉልበት መገጣጠሚያ ላይ የጭንና የቅልጥም አጥንቶች እንዳይፋተጉ ጫፎቻቸው ነጭ፣ ለስላሳና አንጸባራቂ ሽፋን አላቸው፤ ይኸውም ልም አጥንት ይባላል። ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ቆዳ ቢቆረጥ ደሙ ፈውሱን ይዞ ይመጣል፤ ልም አጥንት ግን የደም ሥር ስለሌለው፣ ምግቡንም የሚያገኘው መገጣጠሚያውን ከሚያርሰው ፈሳሽ ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ከተቦረቦረ እንደ ቀድሞው አይሆንም። ይህንንም ሐኪሙ ዊሊያም ሀንተር በ1743 በለንደን አስታውቆ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ራሱን የማይጠግን ከሆነ ከሌላ ሰው ወስዶ መተካት ይቻል እንደ ሆነ ሐኪሞች ፈተኑ። ጀርመናዊው ኤሪክ ሌክሰር በ1908 ከሌላ ሰው የተወሰደ መገጣጠሚያ ስለ መትከል ጽፎ አሳተመ። በ1970ዎቹም ዓመታት በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ አለን ግሮስና ባልደረቦቹ ከሟች ሰው ጉልበት የተወሰደውን ልም አጥንት ከሥሩ ካለው አጥንት ጋራ በተጎዳው ስፍራ ይተክሉ ጀመር።

የተተከለው እንዲጸና ግን በውስጡ ያሉት ሕዋሳት ሕያዋን መሆን አለባቸው። በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቀመጥ የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ከበሽታ ነጻ መሆኑ ሲመረመር፣ መጠኑ የሚስማማው በሽተኛ ሲፈለግ ከዚህ ጊዜ ብዙው ያልፋል።

«ታዲያ ለምን አቀዝቅዘው ለዓመታት አያኖሩትም?» የሚል ይኖራል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ስለታም ቅንጣቶች ይሠራል፤ እነዚህም ሕዋሳቱን ይገድላሉ። በ1949 እንግሊዛውያን ሊቃውንት ግሊሰሪን ሕዋሳትን ከዚህ ጉዳት እንደሚጠብቅ አሳዩ። ይሁን እንጂ ልም አጥንት ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ መድኃኒቱ ወደ ጥልቁ በቀላሉ አይደርስም። በካናዳ በኤድመንተን ከተማ የሚገኙ ተመራማሪዎች የተለያዩ ጠባቂ ፈሳሾችን በየደረጃው እያስገቡ፣ ቅዝቃዜውንም እየጨመሩ፣ ውሃው በረዶ ሳይሠራ እንደ ብርጭቆ እንዲጠጥር አደረጉ፤ ከዜሮ በታች እስከ 196 ዲግሪ ከሚቀዘቅዘው ፈሳሽ ናይትሮጅን ሲወጣም አብዛኞቹ ሕዋሳት በሕይወት እንደ ተገኙ በ2012 አስታወቁ።

ይህ ሕክምና ግን ለሁሉ አይደለም። በአደጋ ወይም በጨዋታ ጉልበታቸው በአንድ ስፍራ ለተጎዳ ወጣቶችና ጎልማሶች ይሻላል እንጂ፣ በእርጅና መላ መገጣጠሚያው ላለቀ ሰው መፍትሔ አይሆንም። ስለዚህ ልጃችሁ ወድቆ ጉልበቱ ቢያብጥ ወይም አልታጠፍ ቢል፣ በማሸትና በመጎተት ሳታባብሱበት ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ይህንንም አስቡ፤ የሚተከለው ልም አጥንት የሚገኘው ሟቹ በሕይወቱ ሳለ ከፈቀደ፣ ወይም ቤተሰቡ በኀዘን ሰዓት እሺ ካለ ነው። ሊቃውንቱ በብርዱ ላይ ይህን ያህል የሚደክሙት እንዲህ ያለው ስጦታ ቀኑ አልፎበት እንዳይጣል ነው።